የእድራችንን የክሪፕቶ ዋሌት አድራሻ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብለጥፈው ምን ያሰጋል?

ገንዘብ ያዥ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ በምንኖርበት አካባቢ ባቋቋምነው እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንዳንድ ወጣት አባላት ወርኃዊ መዋጮአቸውን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን በተሠራው የክሪፕቶ ገንዘብ) መክፈል እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ አብዛኞቹ በሥራ ምክንያት ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ስለሆኑ ጥያቄያቸው ተገቢ ሆኖ ተገኘ። ጉባኤው ከተስማማ በኋላ ግን ከኮሚቴው ዋሌት (የክሪፕቶ ገንዘብ መያዣ) ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የእኔን አድራሻ ወደ አራት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንድለጥፍ ተወሰነ።

እስካሁን አልለጠፍኩም። ዋሌቱን የከፈትኩት በ2021 ሲሆን የራሴም ቁጠባ ያለው እዚያው ነው፤ ኔትወርኩ፣ ማለትም ገንዘቡ የሚዘዋወርበትና የሚመዘገብበት ሥርዓት፣ ትሮን ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። አድራሻውን ያየ ሰው ገንዘቤን ሊወስድ ይችላልን? ካልቻለስ፣ ልክ እንደ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ያለ ስጋት መለጠፍ እችላለሁን? አንድ ወንድማችን በስብሰባው ላይ፣ «ለታመመ ሰው ገንዘብ ስናሰባስብ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር በየፌስቡኩ እንለጥፍ የለም ወይ? ይህም ያው ነው» ብሎ ሲከራከር የምመልስለት አጣሁ። የምታውቁ ብታስረዱኝ እኔ ብቻ ሳልሆን ማኅበሩም ይጠቀማል።

መዝገብ አንባቢ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው። አድራሻውን ብቻ በመያዝ ገንዘብዎን መውሰድ የሚችል ሰው የለም። አድራሻው የሚገኘው ከቁልፉ ነው፤ ከአድራሻው ወደ ቁልፉ የሚመለስ መንገድ ግን የለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው የግል ቁልፉ ወይም ዋሌቱን ሲከፍቱ የተሰጡዎት 12 ወይም 24 የምስጢር ቃላት ናቸው። እነዚያን ቃላት ለማንም፣ በምንም ምክንያት፣ በፎቶም ሆነ በጽሑፍ አይስጡ። አድራሻዎን በለጠፉ ማግስት «ከዋሌቱ የድጋፍ ክፍል ነን፤ ሂሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ቃላቱን ያረጋግጡልን» የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ቢደርስዎ አይደነቁ። አድራሻ መለጠፍ ራሱ ባይዘርፍም፣ ዋሌት ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለሌባ ይጠቁማል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። ወንድማችሁ ያነሡት ንጽጽር በአንድ በኩል ብቻ እውነት ነው። በ1000 የሚጀምረውን ባለ 13 አሃዝ የንግድ ባንክ ቁጥር ገንዘብ ሊልኩ ስልክዎ ላይ ሲያስገቡ የባለ ሂሳቡ ስም ይመጣልዎታል፤ በሂሳቡ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ፣ ትናንት ማን እንዳስገባ፣ ከትናንት በስቲያ ለማን እንደተከፈለ ግን ባንኩ አይነግርዎትም። የዋሌት አድራሻ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዝውውሩ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የኔትወርኩ መዝገብ ላይ ይጻፋል። የባለቤቱን ስም አይናገርም፤ የቀረውን ሁሉ ግን ይናገራል። ቀሪ ሂሳቡን፣ የገባውንና የወጣውን እያንዳንዱን መጠን ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ከየትኛው አድራሻ መጥቶ ወደ የትኛው እንደሄደ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃልና ያለ ፈቃድ ማየት ይችላል። እርስዎ በስምዎና በፎቶዎ በሚታወቁበት ግሩፕ ላይ አድራሻውን ሲለጥፉ፣ መዝገቡ ላይ ያልነበረውን ስም ራስዎ ጻፉበት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ መልእክቱን ከቴሌግራም ቢያጠፉትም ከመዝገቡ የሚጠፋ ነገር የለም። የቢትኮይን መዝገብ የመጀመሪያው ብሎክ (ገጽ) የተመዘገበው ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተደረገ ዝውውር ሁሉ ዛሬም ይነበባል። ሜይ 22 ቀን 2010 አንድ ሰው ለሁለት ፒዛ 10,000 ቢትኮይን የከፈለበትን ዝውውር ዛሬ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ። ያን ቀን ተራ ነገር ነበር። የእርስዎም የ2021 ዝውውሮች እንዲሁ ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ከመወሰንዎ በፊት የራስዎን አድራሻ ትሮንስካን (የትሮንን መዝገብ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ ያስገቡና እንደ ባዕድ ሰው ሆነው ያንብቡት። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ እርሱ ይመልስልዎታል።

ገንዘብ ያዥ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ማታ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አነበብኩት።

ቀሪ ሂሳቤ ከላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ ለወንድሜ ልጅ የትምህርት ክፍያ ብዬ ወደ ቱርክ የላክሁት 600 ዶላር ከነደቂቃው አለ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የራሴ ጉዳይ ነው ብዬ እተወው ነበር። ዝቅ ስል ግን ባለፈው ዓመት ለአንድ ወዳጄ በችግሩ ጊዜ ያበደርኩትን 1,500 ዶላር አየሁ፤ እርሱም በሦስት ጊዜ ከፋፍሎ የመለሰልኝ፣ አንዱን ዙር በሁለት ወር ያዘገየው፣ ሁሉም በተራ ተቀምጧል። ያ ወዳጄ የዚሁ እድር አባል ነው። የእርሱን አድራሻ ከግሩፑ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንደሚያውቁት አውቃለሁ። የእኔን ስለጥፍ የእርሱን ገመና አብሬ አደባባይ ላወጣው ነበር፤ ይህን ሳስብ እንቅልፍ ነሣኝ።

የሻርጃዋ፦

ወንድሜ፣ ያልለጠፉት እሰየው። የእኔን ልንገርዎት። እዚህ ሻርጃ ሆኜ የሐበሻ ቀሚስ እያስመጣሁ እሸጣለሁ፤ ሩቅ ያሉ ደንበኞች በዩኤስዲቲ እንዲከፍሉኝ አንዱን አድራሻዬን በሽያጭ ቻናሌ ላይ ለጥፌ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ቀሚስ መርጣ ዋጋ ስትጠይቀኝ 180 ዶላር አልኳት። ጥቂት ቆይታ የስክሪን ፎቶ ላከችልኝ። ከእኔው አድራሻ ያወጣችው ዝርዝር ነው፤ በዚያ ወር የገቡልኝን ክፍያዎች፣ 140፣ 150፣ 140 እያለች በቀይ አክብባቸዋለች። «ለሌላው በ140 እየሸጥሽ ለእኔ ለምን 180 ትያለሽ?» አለችኝ። እነዚያ ቀሚሶች ጥለታቸው ጠባብ፣ ሥራቸውም ቀላል ነበር፤ መዝገቡ ግን ጥለት አያሳይም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ባስረዳትም አላመነችኝም፤ እንዲያውም ቀሪ ሂሳቤን ጠቅሳ «ገንዘብ ሞልቶሻል» አለችኝ። ያ የሞላው ገንዘብ ለሸማኔዎቹ የሚከፈል ነበር።

ያቺ ሴት ሌባ አልነበረችም፤ ምንም ሕግ አልጣሰችም። እኔ ራሴ የሰጠኋትን ነው ያነበበችው። ብዙ ሰው ስለ ሌባ ብቻ ይጨነቃል፤ እኔን የጎዳኝ ግን ደንበኛዬ ከእኔ ጋር ዋጋ ስትነጋገር ደብተሬን ይዛ መቀመጧ ነው።

ኮድ ጸሐፊ (ስቶክሆልም)፦

እህታችን የተናገሩት ትልቅ ነገር ነው። እኔ በዚህ ላይ አድራሻ ይፋ ሲሆን የሚከተለውን አንድ የማታለያ ስልት ልጨምር፤ ምክንያቱም በዚህ ስልት እኔው ራሴ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አብሮኝ ለሚሠራ ባልደረባ በየወሩ መጀመሪያ 400 ዶላር እልካለሁ። በአንዱ ወር ከላክሁ ሃያ ደቂቃ በኋላ በዋሌቴ ታሪክ ላይ የዜሮ ዶላር ዝውውር ተመዝግቦ አገኘሁ። አድራሻው የባልደረባዬ መሰለኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት በትክክል አንድ ናቸው፤ መካከሉን ደግሞ ዋሌቱ በሦስት ነጥብ ስለሚተካው አይታይም። በሚቀጥለው ወር እንደልማዴ ከታሪኩ ላይ ኮፒ አድርጌ ልኬ ቢሆን ገንዘቡ ወደ ሌባው ነበር የሚሄደው። ያዳነኝ የዋሌቱ የስም ዝርዝር ነው፤ ባልደረባዬን ቀድሜ በስሙ መዝግቤው ስለነበር፣ ያ አዲሱ አድራሻ ያለ ስም ተቀምጦ ሳየው ተጠራጠርኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሌባው መዝገቡን በፕሮግራም ይከታተላል፤ እገሌ ለእገሌ እንደላከ ሲያይ፣ ኮምፒዩተሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁልፎችን እየፈጠረ መነሻውና መድረሻው ከተቀባዩ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ እስኪያገኝ ይሞክራል፤ ካገኘ በኋላ በዚያ አድራሻ ዜሮ ወይም ኢምንት ገንዘብ ወደ ታሪክዎ ያስገባል። ሜይ 3 ቀን 2024 አንድ ሰው በዚሁ መንገድ 1,155 ራፕድ ቢትኮይን (በኢተሪየም ኔትወርክ ላይ ቢትኮይንን የሚወክል ገንዘብ)፣ በወቅቱ ዋጋ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ሌባ አድራሻ ላከ። የሚያሳዝነው ሰውዬው ጥንቁቅ መሆኑ ነው፤ አስቀድሞ ትንሽ የሙከራ ገንዘብ ልኮ ነበር፤ የሐሰቱ አድራሻ የገባው ልክ ከሙከራው በኋላ ነው። ሌባው ከቀናት በኋላ አብዛኛውን መለሰለት፤ ሁሉም ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አያገኝም።

እድራችሁ በየወሩ በተወሰነ ቀን ከብዙ ሰዎች ተመሳሳይ መጠን የሚቀበል ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ሌባ የተመቸ ነው። አባላቱ ከታሪክ ላይ ኮፒ እንዳያደርጉ፣ አድራሻውን አንድ ጊዜ በትክክል አረጋግጠው በስም እንዲመዘግቡትና ከዚያ ብቻ እንዲልኩ አጥብቃችሁ ንገሯቸው። ኮፒ ያደረጉትን በሌላ አድራሻ የሚቀይር የስልክ ቫይረስም አለ፤ ኤሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2019 እንዲህ ያለውን ሜታማስክ የተባለውን ዋሌት መስሎ በጉግል ፕሌይ ላይ ተሰቅሎ አግኝቶታል። ስለዚህ ፔስት ካደረጉ በኋላ መካከሉንም ጭምር ማየት ይገባል።

የቀድሞው ኦዲተር፦

ልጆቼ፣ ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። እኔ ግን በአንድ ነገር ላይ አልስማማም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእድርና በማኅበር ሂሳብ ምርመራ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ስንት እድር የፈረሰው ገንዘብ በመጥፋቱ ሳይሆን ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ ነው። አንዱ ደብተሩን ቤቱ ይወስዳል፤ ሌላው ደረሰኝ ጠፋብኝ ይላል፤ ሐሜት ይጀመራል፤ ከዚያ ሰዉ ይበተናል። አሁን እናንተ የምትነግሩኝ ማንም ሊሰርዘው የማይችል፣ እያንዳንዱ አባል ከቤቱ ሆኖ ሊመረምረው የሚችል መዝገብ መጥቷል ብላችሁ ነው። ለእድር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እኔ የምለው ይለጠፍ ነው። መደበቅ ከጀመርን ወደዚያው ወደ ድሮው ደብተር ተመለስን።

መዝገብ አንባቢ፦

አባታችን ያሉት ትክክል ነው፤ እኔም የእድሩ አድራሻ ይደበቅ አላልኩም። ችግሩ የእድሩ ገንዘብና የገንዘብ ያዡ ገንዘብ በአንድ አድራሻ ላይ መሆኑ ነው። የእድሩ ዋሌት ለብቻው ይከፈት፤ እርሱ ይለጠፍ፤ አባላትም ይመርምሩት። የገንዘብ ያዡ የግል ዋሌት ደግሞ የግሉ ሆኖ ይቅር። ይህ ለግብርም ይጠቅማል፤ የአሜሪካው የግብር መሥሪያ ቤት ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ነው የሚያየው፤ በዓመታዊው ቅጽ ላይም ስለ ዲጂታል ንብረት ይጠይቃል፤ የማኅበርና የግል ገንዘብ የተቀላቀለበትን ዋሌት ለሂሳብ ባለሙያ ማስረዳት እጅግ አድካሚ ነው።

ሆኖም ለአባታችን አንድ ነገር በትሕትና ልጨምር። የእድሩ አድራሻ ይፋ ሲሆን የሚታየው የእድሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም። መዋጮ የላከው አባል ሁሉ የላከበት አድራሻ እዚያው ይመዘገባል፤ ያንን ተጭኖ ያ አባል ስንት ገንዘብ እንዳለው ማየት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ወጣቱ ትናንት ማታ በግሩፑ ላይ «ከፍያለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ በዚያው ሰዓት የገባው ክፍያ የእርሱ መሆኑን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። በድሮው ደብተር ላይ የአባሉ መዋጮ ነበር የሚጻፈው፤ እዚህ ላይ ግን ኪሱም አብሮ ይታያል። ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የምትከፍሉትም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ አባላት ቁጠባቸው ካለበት ዋሌት በቀጥታ እንዳይልኩ ምከሯቸው። ከኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ ከሚገዛበትና ከሚሸጥበት ድርጅት) ሂሳባቸው ወደ እድሩ አድራሻ ወጪ ቢያደርጉ፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው ኤክስቼንጁ ለሁሉም ደንበኞቹ የሚከፍልበት የጋራ አድራሻ ነው። ኤክስቼንጁ ራሱ ማን እንደላከ ያውቃል፤ ሕግ ሲጠይቀውም ይናገራል፤ ከአራት መቶ ሰው ዓይን ግን ይሰወራል።

የቀድሞው ኦዲተር፦

የከፋዩ ኪስ ይታያል የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ይህ ከሆነ ሐሳቤን አስተካክላለሁ፤ የእድሩ ይታይ፣ የአባሉ ይሸፈን። ግን ልጠይቅ፤ በባንክ ያለን ገንዘብ በጣምራ ፊርማ ነው የሚወጣው፤ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ። በዚህ ዋሌት ቁልፉን አንድ ሰው ይዞ አገር ጥሎ ቢሄድ፣ ወይም እግዚአብሔር አያድርገውና በድንገት ቢያርፍ፣ ምን ልንሆን ነው?

ኮድ ጸሐፊ (ስቶክሆልም)፦

አባቴ፣ ጣምራ ፊርማ በዚህም ዓለም አለ። ሴፍ የሚባለው የዋሌት ዓይነት ሦስት ፈራሚዎች እንዲኖሩትና ገንዘብ ለማውጣት ከሦስቱ ሁለቱ መፈረማቸው ግዴታ እንዲሆን ተደርጎ ሊከፈት ይችላል። አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይበቃሉ፤ አንዱ ቢሰረቅ ሌባው ብቻውን ምንም አያደርግም። በኢተሪየም ኔትወርክ ላይ የአገልግሎት ክፍያው ስለሚበዛ፣ አርቢትረምን በመሰለ ክፍያው ዝቅ ባለ ኔትወርክ ላይ ብትከፍቱት ይሻላል።

ከዚህ ጋር ልታውቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለሚዘሏቸው ጊዜ ወስጄ ልጻፋቸው።

የመጀመሪያው ፈራሚዎቹም ይፋ መሆናቸው ነው። የሴፍ ዋሌትን አድራሻ የያዘ ሰው የሦስቱን ፈራሚዎች አድራሻም ከመዝገቡ ማየት ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ በ2021 በከፈቱት ዋሌት ከፈረሙ፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገን ወደ ተነሣንበት ተመለስን። ሦስታችሁም ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል አዲስ አድራሻ ክፈቱ። አዲሱ አድራሻ ለአገልግሎት ክፍያ ትንሽ ኢተር (የእነዚህ ኔትወርኮች ገንዘብ) ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከአሮጌው ዋሌት አምስት ዶላር ወደ አዲሱ ሲልክ ሁለቱን በገመድ ያስራቸዋል። ያንን አምስት ዶላር ከኤክስቼንጅ በቀጥታ አውጡት።

ሁለተኛው የኔትወርኩ ስም ነው። ከአድራሻው ጋር የኔትወርኩን ስም አብራችሁ ጻፉ፤ አንድ ኔትወርክ ላይ የከፈታችሁት ሴፍ፣ አድራሻው አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ፣ በሌላ ኔትወርክ ላይ የእናንተ ነው ማለት አይደለም። በጁን 2022 ዊንተርሚውት ለተባለው ድርጅት የተላከ 20 ሚሊዮን ኦፕ ቶክን (ኦፕቲሚዝም የተባለው ኔትወርክ ያወጣው ገንዘብ) የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋሌታቸው በኢተሪየም ላይ እንጂ በኦፕቲሚዝም ላይ አልተከፈተም ነበርና ሌላ ሰው ቀድሟቸው ያንኑ አድራሻ እዚያ ከፈተው። እንደ እነርሱ ያለ ትልቅ ድርጅት ከተሳሳተ እኛም ልንሳሳት እንችላለን።

ሦስተኛው አፈራረም ነው። ጣምራ ፊርማ የሚጠቅመው ሁለተኛው ፈራሚ በእርግጥ አንብቦ ሲፈርም ብቻ ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ባይቢት ከተባለው ኤክስቼንጅ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢተር ሲዘረፍ፣ የተዘረፈው ዋሌት ባለ ብዙ ፊርማ ነበር። ፈራሚዎቹ በስክሪን ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ነው፤ የፈረሙት ግን ዋሌቱን ለሌባ የሚያስረክብ ትእዛዝ ነበር። በእናንተ በኩል ይህን ያህል የሚራቀቅ ሌባ ላይመጣ ይችላል፤ ቢሆንም «እርሱ ካየው ይበቃል» ብሎ መፈረም በባንክ ቼክም ላይ ማኅበር ያፈረሰ ልማድ ነው።

ጉለሌ፦

ሁላችሁም ውጭ ያላችሁ ስለሆነ ከአዲስ አበባ አንድ ነገር ላሳስብ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየትና ክፍያ መፈጸም በአገር ውስጥ ሕጋዊ እንዳልሆነ በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2022) አስታውቋል። የሐዘንተኛው ቤተሰብ እዚህ ከሆነ በዋሌት አትላኩለት፤ እዚያው ወደ ዶላር መልሳችሁ በባንክ ላኩ። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ሌላ ጣጣ ውስጥ አይግባ።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል? ገንዘብ ያዡ የኤክስቼንጅ መቀበያ አድራሻቸውን ቢለጥፉ አይሻልም? እርሱን ሰው ቢያየው ቀሪ ሂሳብ አያሳይም ሲባል ሰምቻለሁ።

መዝገብ አንባቢ፦

የሰሙት ልክ ነው። ወደ ኤክስቼንጅ መቀበያ አድራሻ የገባ ገንዘብ ወደ ኤክስቼንጁ የጋራ ካዝና ስለሚጠቃለል፣ መዝገቡ ላይ የገባው ይታያል እንጂ የእርስዎ ቀሪ አይታይም። ለግል ሥራ፣ ለምሳሌ ለእህታችን የቀሚስ ንግድ፣ ይህ ጥሩ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለእድር ግን ሁለት እንቅፋት አለው። ሂሳቡ በአንድ ሰው ስም ስለሆነ ገንዘቡ በሕግ ፊት የዚያ ሰው ይመስላል፤ ያ ሰው ቢታመም ወይም ሂሳቡ ቢታገድ ማኅበሩ ምንም ማድረግ አይችልም። አባታችን የጠየቁት ግልጽነትም ይቀራል፤ ገንዘቡ ወደ ካዝናው ከገባ በኋላ የት እንደደረሰ አባላቱ አያዩም።

የሻርጃዋ፦

እኔ አሁን የማደርገው ይህንኑ ነው። ለጥቂት የታወቁ ደንበኞች ደግሞ ለእያንዳንዳቸው የተለየ አድራሻ ከፍቼ በውስጥ መስመር እልክላቸዋለሁ። በቻናሉ ላይ የሚለጠፍ አድራሻ የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ለማለት ያመነታሁት ሰው እንዳላስፈራ ብዬ ነው። የሰው ቀሪ ሂሳብ ከስሙና ከቤቱ ጋር ሲገናኝ ነገሩ ከዋጋ ክርክር ያልፋል። በጃንዋሪ 2025 ሌጀር የተባለውን የክሪፕቶ መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ከቤቱ ታግቶ ጣቱ ተቆርጧል። እርግጥ እርሱ የታወቀ ሰው ነው። ሆኖም በምንኖርበት ሠፈር ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው ቤት ያውቃል፤ አባወራው ለሠርግ ወይም ለክርስትና መቼ ከቤት እንደሚወጣ ሳይቀር ይታወቃል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ስለ ወዳጃቸው እንደተጨነቁት ስለ ቤታቸውም ይጨነቁ።

መዝገብ አንባቢ፦

እህቴ ያሉትን እደግፋለሁ። በዚሁ ላይ የቢትኮይን ዋሌት ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ ልተው። ዋሌቶቹ በየክፍያው አዲስ አድራሻ ይሰጧችኋል፤ በ2008 የወጣው የቢትኮይን መነሻ ጽሑፍ ራሱ ለእያንዳንዱ ዝውውር አዲስ የቁልፍ ጥንድ እንዲወሰድ ይመክራል። ሆኖም አንዳንድ የሂሳብ አያያዝ ፕሮግራሞች ኤክስፐብ የሚባለውን ረጅም ቁልፍ እንድትሰጧቸው ይጠይቃሉ። በእርሱ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም፤ ነገር ግን የተጠቀማችሁባቸውንና ወደፊት የምትጠቀሙባቸውን አድራሻዎች ሁሉ በአንድ ላይ ይገልጣል። አንድ አድራሻ መስጠት አንድ ገጽ ማሳየት ከሆነ፣ ኤክስፐብ መስጠት ደብተሩን በሙሉ ማስረከብ ነው።

ሌላው፣ ከማታውቁት አድራሻ እንደ 546 ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ መለኪያ) ያለ ኢምንት ገንዘብ ከገባላችሁ አትንኩት፤ ከሌላው ገንዘባችሁ ጋር ቀላቅላችሁ ስትልኩት የተለያዩት አድራሻዎቻችሁ የአንድ ሰው መሆናቸው ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ብለው የሚልኩ አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለወዳጄ ደውዬ ሊሆን የነበረውን ነገርኩት፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ አመሰገነኝ። ከዚያ ይህን ውይይት እንዳለ ለሰብሳቢውና ለጸሐፊው አስነበብኳቸው፤ የአባታችንን የኦዲተሩን ቃል ሰብሳቢያችን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ቅዳሜ ዕለት ሦስታችን በጸሐፊው ቤት ተሰብስበን ሁለት ከሦስት የሚፈርምበትን ዋሌት ከፈትን። ሁላችንም አዲስ አድራሻ አወጣን፤ ለአገልግሎት ክፍያ የሚሆነውን ኢተር እያንዳንዳችን ከየኤክስቼንጃችን አወጣን። 12ቱን ቃላት እያንዳንዱ ሰው በየወረቀቱ ጽፎ ማንም የማንንም ሳያይ ወደየቤቱ ወሰደ።

ረጅሙን ሰዓት የወሰደብን አድራሻውን ማረጋገጥ ነበር። ጸሐፊያችን 42ቱን ፊደልና ቁጥር በትልቅ ወረቀት ላይ በእጁ ጻፈ፤ ከዚያ እርሱ ከወረቀቱ እያነበበ እኔና ሰብሳቢው በየስልካችን ተከታተልን። ወደ መካከሉ ደርሶ «ስምንት» ሲል ሰብሳቢው አስቆመው፤ ስልኩ ላይ ያለው «ቢ» የሚለው ፊደል ነበር። መነሻውንና መድረሻውን ብቻ አይተን ብንለቀው ኖሮ ማንም ልብ አይልም ነበር። ወረቀቱን ቀድደን እንደገና ጻፍን፤ ሁለተኛው ንባብ ያለ ስሕተት አለቀ።

አድራሻው ከኔትወርኩ ስም ጋር በግሩፑ ላይ ከላይ ተሰክቷል፤ የመጨረሻዎቹን ስምንት ፊደላት ጸሐፊው በስልክ ለሚጠይቀው አባል ያነባል፤ ከታሪክ ላይ ኮፒ ማድረግ ክልክል እንደሆነም በአማርኛ ተጽፏል። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ቀድሞው በባንክ እንዲሄድ ተወስኗል። በየሦስት ወሩ ሂሳቡን ከመዝገቡ ጋር የሚያስተያይ ሰው ጉባኤው ይመርጣል።

የመጀመሪያው 25 ዶላር ትናንት ማታ ገባ። የላከው ማን እንደሆነ ከእርሱ በቀር እኔና ጸሐፊው እናውቃለን፤ መዝገቡ ላይ የሚታየው የኤክስቼንጁ አድራሻ ነው።